የአሥራ ሁለት ወሩ ደንብና የፎገራ ላም

በኅዳር ወር 1997 ዓ.ም. የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ከወረታ ከተማ ወጣ ብሎ በሚገኝ አንድ ጤና ጣቢያ ውስጥ በሥራ ላይ ሳለ፣ በዕድሜ የገፉ አንዲት እናት የስምንት ወር ሕፃን አዝለው መጡ። ሕፃኑ የልጃቸው ልጅ ሲሆን እናቱ በወለደች በሁለተኛው ወር ሞታ ነበር። የመጡበት ምክንያት ተቅማጥ ነው። ሲመረመር ግን ከተቅማጡ ይልቅ ዓይን የሚስበው የመዳፉና የዓይኑ ሽፋን ውስጠኛ ክፍል መንጣት ነበር። ምን እንደሚመገብ ሲጠየቁ፣ «የላም ወተት ነው እንጂ ሌላ ምን አለኝ፤ እንዳይከብደው በውኃ እያቀጠንሁ» አሉ። ያን ጊዜ ከኮሌጅ ከወጣሁ ሁለት ዓመት አልሞላኝም ነበርና በመጽሐፍ ያነበብሁትን ለመናገር አላመነታሁም። «እናቴ፣ የላም ወተት አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን አይሰጥም፤ ከመድኃኒት ቤት የሕፃናት ወተት ይግዙለት» አልኋቸው። እሳቸውም ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ፣ «እሱን እስካገኝ ታዲያ ምን ላጉርሰው፣ ልጄ?» ብለው ጠየቁኝ። የሰጠሁት መልስ ዛሬ ትዝ አይለኝም። በቀጠሮው ቀን አልተመለሱም።

ይህ ጽሑፍ የዚያን ምክር ታሪክ ለመከተል የተጻፈ ነው። አሥራ ሁለት ወር የሚለው ቁጥር ከየት ተነሣ? በማን ልጆች ላይ ተጠና? ፎርሙላ በሌለበት፣ ላም ግን በደጅ በምትታሰርበት ሜዳ ላይ ሲደርስስ ምን ሆነ? ከራሴ ትዝታ ጋር የተያያዘው ዓመት በኢትዮጵያ፣ የቀሩት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስተውል አሳስባለሁ።

የፎገራ ሜዳ ከጣና ሐይቅ በስተ ምሥራቅ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የተዘረጋ ጥቁር አፈር ነው። ርብና ጉማራ የተባሉት ወንዞች ከጉና ተራራ ተነሥተው ሜዳውን አቋርጠው ወደ ጣና ይገባሉ፤ ክረምት ሲበረታም ከመውረጃቸው ወጥተው ሜዳውን ያለብሱታል። ውኃው ሲሸሽ የሚቀረው ሣር ነው በሜዳው ስም የሚጠራውን የከብት ዝርያ ያሳደገው። የፎገራ ከብት የእንስሳት ባለሙያዎች ዜንጋ ከሚሉት፣ የዜቡና የሳንጋ ቅይጥ ከሆነው ወገን ይመደባል። ብዙውን ጊዜ ጥቁርና ነጭ ዝንጉርጉር ነው፤ ረግረጉን ለምዶታል፤ ከአገራችን ዝርያዎችም መካከል በወተቱ ከሚመሰገኑት አንዱ ነው። መንግሥት በ1964 ከባሕር ዳር ወደ ጢስ ዓባይ በሚወስደው መንገድ ላይ በአንዳሳ የከብት ማርቢያ ጣቢያ ያቋቋመው በዚሁ ዝርያ ምክንያት ነበር።

ይመሰገናል ሲባል ግን አንባቢ በደብረ ዘይት ወይም በሆለታ የሚያያትን ዲቃላ ላም እንዳያስብ። የፎገራ ላም በገበሬው አያያዝ በቀን የምትሰጠው ሁለት ወይም ሦስት ሊትር ያህል ነው። ከዚያም ላይ ጥጃዋ ድርሻውን ይወስዳል፤ ጥጃዋ ካልተጠጋትም ወተት ማውረድ ታስቸግራለች። የታለበውም ቢሆን በአብዛኛው ለመጠጥ አይውልም። ይረጋል፣ ይናጣል፣ ቅቤው ለገበያና ለወጥ ይሆናል፤ አሬራው ለቤተሰብ ይቀራል። ቅቤ የሴቲቱ ገንዘብ ነው፤ ጨውና የልጆች ደብተር የሚገዛው ከቅቤው ዋጋ ነው። ወተትን እንደ ወተት ወደ ገበያ አውጥቶ መሸጥ በገጠሩ ዘንድ ለረጅም ዘመን እንደ ነውር ይታይ እንደነበር ሽማግሌዎች ይናገራሉ።

ከዚህ ላይ ጾም አለ። ቤተ ክርስቲያን ሕፃናትን በጾም አታስገድድም። ሆኖም በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ውስጥ እናት የምትጾምበት ቤት የወተት ዕቃ ከጾም ዕቃ ጋር እንዳይነካካ ሲባል ወተቱ ሁሉ ወደ ቅቤ ይሄዳል፤ ለሕፃኑ ብቻ ተብሎ የሚቀመጥ ኩባያ ወተት በብዙ ቤት አይገኝም። በሥራችን ላይ ስለ ሕፃናት አመጋገብ ስንመክር ይህን ነገር በቅጡ የምንጠይቅ ጥቂቶች ነን።

ሌላም የሚያስገርም ልማድ ነበር። ላም በወለደች ጊዜ እንገሯን እረኞችና ልጆች እንደ መልካም ነገር ይበሉታል። የሰው እናት እንገር ግን በብዙ ቤት «ሆድ ያሳምማል» ተብሎ ታልቦ ይደፋል፤ በምትኩ ለአራሱ ሕፃን ቅቤ ይዋጣል። ስለዚህ በዚህ ሜዳ ላይ የላም ወተት ወደ ሰው ልጅ አፍ የሚገባው መጀመሪያ በቅቤ መልክ፣ በተወለደ በሰዓታት ውስጥ፣ ከዚያም ጡት ሲጎድል ወይም እናት ስትሞት በውኃ ቀጥኖ ነበር ማለት ይቻላል። ፎርሙላን ትቶ ወደ ላም ወተት መሸጋገር የሚባል ነገር አልነበረም፤ የሚሸጋገሩበት ፎርሙላ የለምና።

ሽግግሩ የተፈጠረው በሌላ አገር ነው። የጀርመኑ ኬሚስት ዩስቱስ ፎን ሊቢግ በ1865 ከላም ወተት፣ ከስንዴ ዱቄትና ከብቅል የተዘጋጀ የሕፃናት ምግብ ቀመር አወጣ፤ ያነሣሣውም እናታቸው ማጥባት ያልቻለች የልጅ ልጆቹ ጉዳይ እንደነበር ይነገራል። በ1867 ሄንሪ ኔስሌ በስዊዘርላንድ የወተት ዱቄቱን ለገበያ አቀረበ። በዚያው ዘመን በአውሮፓና በአሜሪካ ከተሞች ጡት ያልጠቡ ሕፃናት በበጋ ተቅማጥ እንደ ቅጠል ይረግፉ ነበር። ናታን ስትራውስ የተባለ ነጋዴ በ1893 በኒውዮርክ የፓስተር ሙቀት ያለፈበት ወተት ለድሆች ማደል የጀመረው በዚህ የተነሣ ነው። የሐርቫርዱ የሕፃናት ሐኪም ቶማስ ሞርጋን ሮች ደግሞ የላም ወተትን ፕሮቲን፣ ስብና ስኳር በመቶኛ እየለካ፣ ውኃና ስኳር እየጨመረ፣ ለእያንዳንዱ ሕፃን በተለየ መጠን ያዝዝ ነበር። ሐሳቡ የላም ወተት ለሕፃን ሆድ ይከብዳል የሚል ነበር። የፎገራዋ አያት «እንዳይከብደው» ያሉትን ቃል ከሰማሁ ከብዙ ዓመት በኋላ ይህን ሳነብ ጥቂት አፈርሁ። እሳቸው በልምድ ያደረጉት፣ በአንድ ወቅት በታላቅ ዩኒቨርሲቲ የሚሰጥ ትምህርት ነበር። ልዩነቱ ሮች ለሚጨምረው ውኃ ንጽሕናና ለሚጎድለው ስብ የሚጠነቀቅበት ላቦራቶሪ ያለው መሆኑ ነው።

ከሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከል በነበሩት ዓመታት ቀመሩ ቀለለ። በ1929 ማሪዮትና ሾንታል የተባሉ ሐኪሞች ውኃው በከፊል የተነነበት የቆርቆሮ ወተት ለሕፃናት ተስማሚ መሆኑን አሳተሙ። ከዚያ በኋላ ለሠላሳ ዓመታት ያህል ብዙው አሜሪካዊ ሕፃን ያደገው እናቱ ቤት ውስጥ ከቆርቆሮ ወተት፣ ከውኃና ከስኳር በምትበጠብጠው ቀመር ነው። ከዚያም ወደ ተራ የላም ወተት የሚሸጋገርበት ዕድሜ እየቀነሰ ሄደ። በ1960ዎቹ አብዛኞቹ አሜሪካውያን ሕፃናት ስድስት ወር ሳይሞላቸው ወይም እንደሞላቸው የላም ወተት ይጠጡ ነበር፤ ሐኪሞችም አይከለክሉም ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ያን ጊዜ የነበረው ንጽጽር በሁለት ዓይነት የላም ወተት መካከል ነበር።

ንጽጽሩ የተለወጠው ብረት ሲመጣ ነው። በ1959 ብረት የተጨመረበት ፎርሙላ በአሜሪካ ገበያ ላይ ዋለ። ከዚያ በኋላ የላም ወተት የሚጠጣው ሕፃን የሚወዳደረው በቀን በቂ ብረት ከሚያገኝ ሕፃን ጋር ሆነ፤ ጉድለቱም ታየ። በላም ወተት አንድ ሊትር ውስጥ የሚገኘው ብረት ግማሽ ሚሊ ግራም ያህል ብቻ ሲሆን፣ የአሜሪካ ሊቃውንት ከሰባት እስከ አሥራ ሁለት ወር ላለ ሕፃን የሚመክሩት በቀን 11 ሚሊ ግራም ነው። ከዚህም ያነሰውን እንኳ የወተቱ ካልሲየምና ፕሮቲን ከአንጀት በደንብ እንዳይመጠጥ ያደርጉታል።

ሁለተኛው ግኝት ይበልጥ ያልተጠበቀ ነበር። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ላይ ዊልሰንና ባልደረቦቹ ደም ማነስ ያለባቸው አንዳንድ ሕፃናት የላም ወተት በጠጡ ጊዜ ለዓይን የማይታይ ደም በአንጀታቸው እንደሚፈስስ አሳዩ። የአዮዋው ፎሞን በ1981፣ ዚግለርም በ1990 ይህን በጤነኛ ሕፃናት ላይ ደገሙት። በዚግለር ጥናት አምስት ወር ተኩል ገደማ የሆናቸው ሕፃናት የላም ወተት ሲጀምሩ፣ ደም የተገኘበት ዓይነ ምድር በመጀመሪያዎቹ 28 ቀናት ውስጥ ከመቶ 3 ወደ 30 ገደማ ከፍ አለ፤ ፎርሙላ በቀጠሉት ዘንድ ግን ዝቅተኛ እንደሆነ ቆየ። የዚሁ ቡድን በ2000 ያሳተመው ጥናት ደግሞ በሰባት ወር ተኩል አካባቢ በአንዳንዶች ዘንድ የሚታየው ደም መፍሰስ በአሥራ ሁለት ወር ላይ እንደማይታይ አረጋገጠ። ብርቱ ሙቀት ያለፈበት ወተት ደም የማፍሰስ ኃይሉ እንደሚቀንስም ቀደም ሲል ታውቆ ነበር፤ በቤት ውስጥ ወተት ማፍላት ከፋብሪካው ሙቀት ጋር እኩል ባይሆንም።

ሦስተኛው የኩላሊት ነገር ነው። የላም ወተት በ100 ሚሊ ሊትር ከ3 ግራም በላይ ፕሮቲን ሲይዝ የእናት ጡት ግን 1 ግራም ያህል ይይዛል፤ ማዕድኑም ይበዛል። በፎሞን ስሌት ኩላሊት ሊያስወግደው የሚገባው ጭነት በእናት ወተት በሊትር 93፣ በላም ወተት ግን 308 ሚሊ ኦስሞል ነው። ጤነኛ ሕፃን ይህን ይችለዋል። ተቅማጥና ትኩሳት ሲጨመርበት፣ ውኃም ሲያጥረው ግን አይችልም። ከሦስቱ ምክንያቶች ለእኛ አገር ሕፃን እጅግ የሚከፋው ይህኛው ነው ብዬ አምናለሁ፤ ለተቅማጥ ጊዜ አንመርጥምና።

እነዚህ ሁሉ ሲደመሩ እንኳ ቁጥሩ ወዲያው አልጸናም። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በ1983 ሕፃኑ ከሚያስፈልገው ኃይል ቢያንስ ሲሶውን ከሌላ ምግብ የሚያገኝ ከሆነ ከስድስት ወር በኋላ የላም ወተት ቢሰጠው ጉዳት የለውም አለ። በ1992 ግን ይህን ሽሮ ዓመት እስኪሞላው ድረስ አይሰጠው ሲል ደነገገ። ካናዳውያን ከዘጠኝ እስከ አሥራ ሁለት ወር ባለው ጊዜ ማስጀመር ይቻላል ይሉ ነበር። እንግዲህ እኔ በኮሌጅ የተማርሁትና ለአያቲቱ የነገርኋቸው የ1992ቱን ደንብ ነበር። ደንቡ የቆመው አማራጩ ብረት የተጨመረበት ፎርሙላ ነው በሚል መሠረት ላይ ነው። መሠረቱን ግን ማንም አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

በአገራችን ዘመናዊ የሕፃናት አመጋገብ ትምህርት የመጣው በሌላ በር ነው። የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በ1954 ሲከፈት ቅርብ ምክንያቱ በደንቢያ ሜዳ በ1953 የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ነበር፤ ከኮሌጁ የወጡ ጤና መኮንኖች፣ የኅብረተሰብ ነርሶችና የጤና ጥበቃ ባለሙያዎች ወደ በጌምድር ገጠር ሲሰማሩ ያገኙት ሕፃን አብዛኛውን ጊዜ ጡት የሚጠባ፣ ነገር ግን ሁለተኛ ዓመቱ ላይ የሚከስም ሕፃን ነበር። በ1960 ዩኒሴፍ በአዲስ አበባ የወተት ማቀነባበሪያ ሲያቋቁም ወተት የመፍትሔው ማዕከል ተደርጎ ታስቦ ነበር። በኢትዮጵያና በስዊድን ስምምነት በ1962 የተቋቋመው የሕፃናት አልሚ ምግብ ክፍል፣ በኋላም ከ1968 ጀምሮ የኢትዮጵያ አልሚ ምግብ ኢንስቲትዩት የተባለው፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የደረሰበት ሐሳብ ግን የተለየ ነበር። ወተት ለሁሉም አይደርስም፤ ስለዚህ ከስንዴ፣ ከአኩሪ አተር፣ ከሽምብራና ከጥቂት ስቡ ከወጣለት የወተት ዱቄት ተደባልቆ የሚሠራ የጡት ማስጣያ ምግብ ይዘጋጅ አሉ። ስሙንም ፋፋ አሉት። ስሙ እንኳ ትምህርት ነበረው፤ እናት ሁሉ ትርጓሜውን ታውቀዋለች። በከተማ ተሸጠ፣ በእርዳታም ታደለ፤ የገጠሩን ብዙኃን ግን ዋጋው ከለከላቸው።

በዓለም ደረጃ በዚያን ዘመን የሚካሄደው ክርክር ስለ ቆርቆሮ ወተት ነበር። ኩዋሽኮር የተባለውን በሽታ በ1933 ለሐኪሞች ያስተዋወቀችው ሲስሊ ዊልያምስ በ1939 በሲንጋፖር ባደረገችው ንግግር፣ ጣፋጭ የቆርቆሮ ወተት ለሕፃናት የሚያስተዋውቁትን ሰዎች በነፍስ ማጥፋት ከስሳ ነበር። በ1981 የዓለም ጤና ጉባኤ የእናት ጡት ተተኪዎችን ግብይት የሚቆጣጠረውን ሕግ በ118 ድምፅ ድጋፍ፣ በአሜሪካ ብቸኛ ተቃውሞና በሦስት ድምፀ ተዓቅቦ አጸደቀ። ይህ ሁሉ ጡጦ ለገባበት ለአዲስ አበባ ተገቢ ነበር፤ ነገር ግን ለፎገራው ሕፃን ዋናው ችግር ጡጦ ሳይሆን ከጡት ቀጥሎ የሚመጣው ቀጭን ሙቅ ነበር።

በ2000ዎቹ መጀመሪያ የኤች አይ ቪ ጉዳይ ሲመጣ የላም ወተት ሳይታሰብ ወደ መመሪያ ገባ። ቫይረሱ በደማቸው ላለ እናቶች ልጆች በዓለም ጤና ድርጅት ማሠልጠኛዎች ከቀረቡት አማራጮች አንዱ በቤት የሚስተካከል የእንስሳት ወተት ነበር። ቀመሩ 100 ሚሊ ሊትር የፈላ የላም ወተት፣ 50 ሚሊ ሊትር የፈላ ውኃና 10 ግራም ስኳር ሲሆን፣ በተጨማሪ የማዕድንና የቫይታሚን ተጨማሪ ይሰጥ ይላል። ወረታ የባሕር ዳርና የጎንደር መንገድ ቻይናውያን ከሠሩት የወልድያ መንገድ ጋር የሚገናኝባት ከተማ ናት፤ አዳሪ መንገደኛና ሹፌር የማይለያት። የምክር አገልግሎት ሰጪ የሆነ ሰው ሁሉ ይህን ቀመር በሲኒና በማንኪያ እየተረጎመ ሲያስረዳ እንደነበር የሚያስታውሱ ባልደረቦች ዛሬም አሉ። ተጨማሪ የተባለው ማዕድንና ቫይታሚን ግን በብዙ ቦታ አልደረሰም። ወተትና ስኳሩ ቀረ፤ ብረቱና ዚንኩ የወረቀት ሆኖ ቀረ። በ2006 የድርጅቱ ባለሙያዎች ነገሩን መርምረው፣ በቤት የተስተካከለ የእንስሳት ወተት ከስድስት ወር በታች ለሆነ ሕፃን እንደ ቋሚ ምትክ ሊመከር አይገባም አሉ።

ያው 2006 የውኃ ዓመት ነበር። በዓመቱ መጀመሪያ ላይ በቦትስዋና ከባድ ዝናብ ጥሎ የመጠጥ ውኃ ሲበከል የተቅማጥ ወረርሽኝ ተነሣ። ቦትስዋና ቫይረሱ ላለባቸው እናቶች ፎርሙላ በነፃ የምታድል አገር ነበረች። በጥቂት ወራት ውስጥ ከአምስት መቶ በላይ ሕፃናት ሞቱ፤ ምርመራውም ጡት የማይጠቡት ለአደጋው በብዙ እጥፍ የተጋለጡ እንደነበሩ አሳየ። በነሐሴና በመስከረም ወር ደግሞ ርብና ጉማራ ሞልተው የፎገራን፣ የሊቦ ከምከምንና የደንቢያን ዝቅተኛ ቀበሌዎች አጥለቀለቁ፤ ቤተሰቦች ከከብታቸው ጋር ወደ ከፍታ ሸሹ። በሜዳው ላይ የነበረው ሕፃን ከሞላ ጎደል ሁሉ ጡት ይጠባ ነበር። ይህ እንደ ቦትስዋና ካለ መዓት እንዳዳነን እርግጠኛ ነኝ። በ2010 የወጣው መመሪያ እናትን በመድኃኒት እየጠበቁ ማጥባትን ሲያስቀድም፣ አገራችንም በ2013 ለነፍሰ ጡርና ለምታጠባ እናት ሁሉ የዕድሜ ልክ መድኃኒት ስትፈቅድ፣ የሲኒና የማንኪያው ቀመር ያለ ስንብት ከሥራችን ወጣ።

በነዚሁ ዓመታት ላሚቱ ራሷ ከሜዳው እየራቀች ነበር። በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ መጀመሪያ በጅግናና በሻጋ የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት የሰሜን ኮርያ ባለሙያዎች ሩዝ አስተዋወቁ፤ ከዚያ የተገኘው ዘር እስከ ዛሬ ኤክስ ጅግና በሚል ስም ይዘራል። በ1990ዎቹ ገበሬው ሩዙን የራሱ አደረገው። ቀድሞ ውኃው ሲሸሽ ለከብት የሚቀረው መሬት ለሩዝ ተያዘ፤ የቀረውን ግጦሽ አሜኬላ የተባለው እሾኻማ አረም ወረሰው። ወረታ የሩዝ መፈልፈያ ከተማ ሆነች። የፎገራ ዝርያም በመዳቀልና በግጦሽ ማጣት ተመናመነ፤ የአንዳሳ ተመራማሪዎችም ስለዚሁ ደጋግመው አስጠንቅቀዋል። ሩዙ ረኀብን ከብዙ ቤት አስወጥቷል፤ ይህን የሚክድ አይኖርም። ለሕፃናት ሐኪም ግን የሩዝ መምጣት ሁለት ነገር ነው። የተፈተገ ሩዝ ከጤፍ ይልቅ ብረቱ አነስተኛ ነው፤ የሩዝ ገለባ የሚበላ ላምም ሣር እንደምትበላው ያህል ወተት አትሰጥም።

በ2016 የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአገር ደረጃ ከአምስት ዓመት በታች ካሉት ሕፃናት 38 ከመቶው መቀንጨራቸውን ሲያሳይ፣ በአማራ ክልል ቁጥሩ 46 ነበር። በፎገራና በሊቦ ከምከም ትምህርት ቤት በሚማሩ ልጆች ላይ የተደረገና በ2014 የታተመ ጥናትም የደም ማነስና የቫይታሚን ኤ እጥረት በአንድነት መኖራቸውን አሳይቷል። ቅቤ በምትሸጥ አገር የቫይታሚን ኤ እጥረት መገኘቱ ቅቤው ወዴት እንደሚሄድ ይናገራል።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንመለስ። እኔ አያቲቱን በመከርሁ በወራት ውስጥ፣ በ2005፣ የዓለም ጤና ድርጅት ከስድስት እስከ ሃያ አራት ወር ስላሉ ጡት ስለማይጠቡ ሕፃናት አመጋገብ አንድ አነስተኛ መጽሐፍ አሳተመ። በውስጡም የፈላ፣ ስቡ ያልወጣለት የእንስሳት ወተት፣ እርጎም ጭምር ተቀባይነት እንዳለው ይናገራል። መጠኑም ሕፃኑ ሌላ የእንስሳት ተዋጽኦ አዘውትሮ የሚያገኝ ከሆነ በቀን ከ200 እስከ 400፣ የማያገኝ ከሆነ ደግሞ ከ300 እስከ 500 ሚሊ ሊትር ነው። ብረት ግን ከሌላ ምንጭ፣ አለዚያም በመድኃኒት መልክ ሊሰጠው ይገባል። ይህ መጽሐፍ በእጄ የገባው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። በ2023 ድርጅቱ ባወጣው መመሪያ ደግሞ ይኸው ሐሳብ በይፋ ጸንቷል። ጡት የማይጠባ ሕፃን ከስድስት እስከ አሥራ አንድ ወር ፎርሙላ ወይም የእንስሳት ወተት ሊሰጠው ይችላል፤ ከአሥራ ሁለት ወር በኋላ የእንስሳት ወተት ይበቃዋል፤ «ተከታይ ፎርሙላ» ተብሎ የሚሸጠው ግን አያስፈልገውም። የአሜሪካው አካዳሚ በአሥራ ሁለት ወሩ እንደጸና ነው። ሁለቱም የየራሳቸው ምክንያት አላቸው፤ የመጀመሪያው የሚናገረው ለዓለም ሁሉ፣ ሁለተኛው ግን ብረት ያለበት ፎርሙላ በየሱቁ ለሚገኝበት አገር ነው።

ይህ ማለት ግን አያቲቱ ትክክል ነበሩ፣ መጽሐፉ ተሳሳተ ማለት አይደለም። ሕፃኑ የላም ወተት የጀመረው በሁለት ወሩ ነበር፤ ይህ በየትኛውም ዘመን መመሪያ አደገኛ ነው። ስድስት ወር ያልሞላውና እናቱን ያጣ ሕፃን ከቤተሰቡ መካከል የምታጠባ ሴት ብትገኝለት፣ ካልሆነም ፎርሙላ በእርዳታ ቢፈለግለት ይገባ ነበር። ባለ 400 ግራም አንድ ቆርቆሮ ለስድስት ወር ሕፃን ከአራት ቀን ብዙም አያልፍምና «ይግዙለት» የሚለው ቃል ለእሳቸው ምንም ማለት አልነበረም። ገዝተው ቢቀጥኑትስ? በብዙ ቦታ እንዳየነው፣ ቆርቆሮው እንዲበረክት ሲባል ከላም ወተቱ በባሰ ይቀጥን ነበር። በሱቅ የሚሸጠውን ተራ የዱቄት ወተት ፎርሙላ ነው ብሎ መግዛትም የተለመደ ስሕተት ነው።

በስምንተኛው ወር ግን ምክሩ ሌላ ሊሆን በቻለ ነበር። ወተቱን ውኃ ሳይጨምሩ ያፍሉት፤ ብሩሴላና የከብት ነቀርሳ በጥሬ ወተት ይተላለፋሉና ይህ አይቀርም። በጡጦ ሳይሆን በኩባያ ያጠጡት። በቀን ከግማሽ ሊትር አያስበልጡ፤ ወተት ሆዱን ሞልቶ ገንፎውን እንዳያስረሳው። በገንፎው ላይ እንቁላል፣ ሽሮ፣ ቅቤ ይጨምሩ። የብረት ሽሮፕ እኔ እሰጥዎታለሁ። ተቅማጡ እስኪቆም ኦ አር ኤስ አይለየው። እርጎ ካለ እርጎውን ያስቀድሙ፤ ለአንጀቱ ይቀልለዋል። ይህን ሁሉ ለመናገር አሥር ደቂቃ ያህል ይበቃ ነበር። ያን ዕለት ከደጅ የቆመው ሕዝብ ብዙ መሆኑ እውነት ነው፤ ግን በዚያ ላይ ላመካኝ አልችልም፤ ጊዜ ቢኖረኝም የማውቀው ያንኑ አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር።

አያቲቱ ሊወጡ ሲሉ ከበሩ ላይ ቆም ብለው አንድ ነገር ተናግረው ነበር። «ላሟም ብትሆን እስከ ጥር ናት፤ ከዚያ ወዲያ ትነጥፋለች» አሉ። እኔ ያን ጊዜ ሌላ በሽተኛ ጠርቼ ነበር። በካርዱ ላይ የጻፍሁት «ተቅማጥ፤ ደም ማነስ፤ የአመጋገብ ምክር ተሰጥቷል» የሚል ነው።